የታንክ አዛዡ አንጻር «ከአላሜይን እስከ ዜም ዜም» በተሰኘው ማስታወሻ

እንግሊዛዊው ገጣሚ ኪት ዳግላስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ በረሃ፣ በጀማሪ መኮንንነት ታንክ እያዘዘ መዋጋቱን የሚተርክበት «ከአላሜይን እስከ ዜም ዜም» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ደራሲው በ24 ዓመቱ ኖርማንዲ ላይ ከወደቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። መጽሐፉን በታሪክ ሰነድነት ማንበብ ይቻላል፤ የዚህ አጭር ሐተታ ትኩረት ግን የትረካው አንጻር ነው።

ተራኪው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942 ከኋላ የተመደበበትን የመምሪያ ሥራ ያለ ፈቃድ ትቶ ወደ ውጊያው ይሄዳል። ይህ አጀማመር የጀግንነት ታሪክ ያስጠብቃል። ትረካው ግን ከመዋጋት ይልቅ ወደ ማየት ያደላል። የሞተሩ ጩኸት ከፍንዳታ በቀር ሌላውን ድምፅ ስለሚውጠው፣ ዳግላስ ከሚጓዝ ታንክ ላይ የሚታየውን ዓለም ድምፅ ከሌለው ፊልም ጋር ያነጻጽረዋል። አዛዡ በጆሮ ማዳመጫው የሬዲዮ ንግግር ይሰማል፤ ውጭ የሚሞተውን ሰው ግን ያያል እንጂ አይሰማውም።

ስሜት የራቀው ገለጻ ከዚህ ይመነጫል። ችኩል አንባቢ ደራሲውን ጨካኝ ሊለው ይችላል። የመጨረሻው ክፍል ግን ይህን ፍርድ ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ዜም ዜም ላይ ታንኩ ተመትቶበት በእግሩ የቀረው መኮንን ከቁስለኞች ጋር ይገናኛል፤ ራሱም በፈንጂ ይቆስላል። ከሩቅ ሲታይ የነበረው ሥጋ አሁን የራሱ ነው። እንግዲህ ያ ቅዝቃዜ ታንክ በአዛዡና በሰው መካከል የሚጥለውን ርቀት መለኪያ ሆኖ ሊነበብ ይገባዋል። ስለ ጦርነት የሚጽፍ ሁሉ ከየት ሆኖ እንደሚያይ መጠየቁ ተገቢ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።