የዘመድ ቤት ሂሳብ

የእህትን ወይም የወንድምን ልጅ ወስዶ ማሳደግ በአማርኛ የተለየ ስም የለውም። «ማደጎ» የሚለው ቃል ለባዕድ ልጅ፣ ለፍርድ ቤትና ለወረቀት ይቀርባል። የዘመድ ልጅ ግን «አክስቷ ጋር ነው ያደገችው» ይባልላትና ወሬው ያልቃል። ማን ምን እንደከፈለ የሚጠይቅ የለም።

ዚምባብዌያዊቷ ጺጺ ዳንጋሬምባ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው «ነርቨስ ኮንዲሽንስ» ልብ ወለድ ይህን ጥያቄ ሳትፈራ ታነሳለች። ተራኪዋ ታምቡ የድሃ ገበሬ ልጅ ናት። የትምህርት ቤት ክፍያ ለማግኘት በቆሎ ስትዘራ ወንድሟ ንሃሞ እሸቱን እየሰረቀ ያድላል። የአባቷ ታላቅ ወንድም ባባሙኩሩ የሚስዮን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው፤ ከዚያ ጎጆ አንድ ልጅ ወስዶ ሊያስተምር ሲነሳ ወንዱን ይመርጣል። የታምቡ ዕድል የሚከፈተው ንሃሞ ሲሞት ነው። መጽሐፉም የሚጀምረው በወንድሟ ሞት አለማዘኗን በመናገር ነው። ይህን አጀማመር የሴት ልጅ አመፅ አድርጎ ማንበብ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። የአጎት ደግነት ለአንድ ልጅ ብቻ ቦታ ሲኖረው ወንድምና እህት ይሻማሉ። ታናሿ ኔትሳይ እዚያው ጎጆ ትቀራለች፣ ድህነቱም አብሯት።

የተመረጠችውም በነፃ አትኖርም። ባባሙኩሩ የታምቡ ወላጆች በክርስቲያን ወግ እንዲጋቡ ሲወስን ሠርጉ ላይ አልገኝም ትላለች። አጎቷ ይገርፋታል፤ የቤት ሠራተኛዋን ሥራም ያሸክማታል። የሚያስደነግጠው ግርፋቱ አይደለም። ታምቡ ቅጣቱን ዕዳዋን እንደምትከፍል ሰው፣ በምስጋና ጭምር ትቀበለዋለች።

ከሁሉ ጠልቃ የተሳለችው ግን የአጎቷ ሚስት ማይጉሩ ናት። እንግሊዝ አገር ተምራ ሁለተኛ ዲግሪ ይዛለች፣ ታስተምራለች። ታምቡ ስለ ደሞዟ ስትጠይቃት ገንዘቡ እጇ እንደማይገባ ትረዳለች። መንደሩ በሙሉ የሚያመሰግነው የባባሙኩሩ ቸርነት የማይጉሩም ላብ አለበት። ስለ ዘመድ ደግነት የሚጻፍ ድርሰት ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሰጪውንና ተቀባዩን ነው፤ ዳንጋሬምባ ወጥ ቤት ገብታ ሦስተኛውን ሰው ታገኛለች።

የኖቫዮሌት ቡላዋዮ «ዊ ኒድ ኒው ኔምስ» (2013) ይህንኑ ታሪክ ባሕር ያሻግረዋል። ዳርሊንግ ከአያቷ የቆርቆሮ ሠፈር ወጥታ ዲትሮይት አክስቷ ፎስታሊና ዘንድ ታድጋለች። ከአገር ቤት የሚደወለውን ስልክ ቡላዋዮ አሳምራ ጽፋዋለች፤ ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ያለ አንባቢ ስልኩ ሲጠራ ልቡ ምን እንደሚል ያውቃል። አክስቲቱን ግን በአብዛኛው ከሩቅ ነው የምናያት፦ ቴሌቪዥን ፊት ቆማ ለመክሳት ስፖርት የምትሠራ ሴት። ልጅቷ ትታዘባታለች፣ ትረካውም ከትዝብቱ ብዙ አይርቅም። የጡት መያዣ በስልክ ለማዘዝ ስትሞክር እንግሊዝኛዋ አልሰማ የሚልበት ትዕይንት ብቻ ሴትየዋን ሙሉ ሰው አድርጎ ያሳያል። እንደዚያ ያሉ አምስት ገጾች ቢጨመሩ መጽሐፉ ሌላ ይሆን ነበር።

የአማርኛ ልብ ወለድ አንባቢም የዘመድ ልጅን ያውቃታል። «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር መጥታ፣ ቀን ቤት ስትሠራ ውላ፣ ማታ ትማራለች። ምዕራፉ መካከል በሩን ከፍታ ቡና ይዛ ትገባለች፣ ባለታሪኮቹም ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ስኒውን ሰብስባ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ ግን ተራኪው እምብዛም አይከተላትም።