ያለ ጊዜው የሚያልቅ የፊት እግር

ፒካፕ ይዘው ወደ ጋራዥ ከሚመጡ ደንበኞች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አለ፦ «ወንድሜ፣ ቦል ጆይንቱን በቅርቡ ነው ያስቀየርኩት፤ ይኸው ደግሞ ይንኳኳል።» ባለቤቱ ጥፋቱን ወዲያው ዕቃው ላይ ይጥላል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ዕቃው ለምን እንዳለቀ ሳይፈልግ አዲስ በሚገጥመው መካኒክ ዘንድ ነው። ያለ ጊዜው ያለቀ ዕቃ ምስክር ነው። ቃሉን ሳይሰማ አውጥቶ የጣለ መካኒክ ደንበኛውን ለሁለተኛ ወጪ ይዳርገዋል።

አገራችን ውስጥ በብዛት የሚታየው ፒካፕ ሃይሉክስ ነው። የድሮዎቹ ፎር ዊል ሃይሉክሶች ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበራቸው፤ ፊታቸውም አንድ ወጥ አክስል ነበር። ያንገጫግጫሉ፤ ግን ድንጋይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሃይሉክስ ቪጎ ከኋላ ባሌስትራውን ይዞ ቀረ፤ ከፊት ግን ለየጎማው የላይና የታች ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው የሚያገናኝ ክንድ)፣ ሞላና ሾክ አብዞርበር ተሠራለት። ምቾቱ ጨመረ፤ የሚያልቀው መጋጠሚያም አብሮ በዛ። በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ቦል ጆይንት፣ የብራቾ ጎሚኒዎች፣ የመሪ ቴስቲና፣ የባራ ጎሚኒ አለ። አንዱ ሲላላ ሸክሙ ለሌሎቹ ይተርፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው መኪናው የት እንደሚውል ነው። ከጎባ ተነስቶ የሰንኔቴን አምባ እያቋረጠ ወደ ዶሎ መና የሚመላለስ ፒካፕና ከቦሌ አራት ኪሎ የሚመላለስ ፒካፕ እግራቸው እኩል ሊያረጅ አይችልም። በጠጠር መንገድ ላይ ጉድጓዱን ሹፌሩ አይቶ ፍጥነት ይቀንስለታል። የባሰው መንገዱን አግድም የሸነታተረው ጥቃቅን ሽብሽብ ነው። ጎማው ያለ ፋታ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ በሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት ይግላል፣ አረፋ ያነሳል፣ ማርገብ ያቅተዋል። ያኔ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል፣ ምቱም በቀጥታ ቦል ጆይንትና ጎሚኒ ላይ ያርፋል። ቦል ጆይንት ቶሎ ቶሎ የሚበላ መኪና ሲመጣ አስቀድሜ ሾኩን የማየው ለዚህ ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሾክ እንዳለ ትቶ አዲስ ቦል ጆይንት መግጠም ገንዘብ መድፋት ነው። «ጭነት አለብኝ» ብሎ የፊት ጎማውን ከልክ በላይ የሚያስነፋም ጎማው ሊውጠው የሚገባውን ምት ወደ እግሩ ያሳልፋል። ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፎ ይገኛል።

ቀጥሎ የምጠይቀው ምን እንደሚጭን ነው። እዚህ ላይ የሚደብቁ ብዙ ናቸው፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ደብል ጋቢና ፒካፕ፣ እንደ ሞዴሉ ቢለያይም፣ ተሳፋሪዎቹን ጨምሮ 10 ኩንታል ገደማ ቢሸከም ነው። «ጭነቱ ያለው ከኋላ፣ ፊቱን ምን ያደርገዋል?» ይሉኛል። ኋላው ሲዘቀዝቅ አፍንጫው ይነሳል፤ የብራቾዎቹና የጎማው ማዕዘን ይዛባል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣና ማዕዘኑ በተዛባው እግር ላይ ያርፋል። ፊት ላይ የሚገጠም ወፍራም የብረት መከላከያና ዊንችም በየዕለቱ የማይወርድ ጭነት ነው። ለግርማ ሞገስ ሲባል ሞላው ላይ ማስረገጫ አስገብቶ ፊቱን ከፍ ማድረግ ደግሞ የላይኛውን ቦል ጆይንት ካልተሠራበት ማዕዘን ላይ ያሠራዋል፤ ሾኩም ወደ ታች የሚዘረጋበትን ቦታ ያሳጥርበታል።

ምርመራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። መኪናውን ከሻንሲው አንስቶ ጎማውን መነቅነቅ ብቻውን አይበቃም። ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ሥር፣ ለጎማው ቅርብ በሆነው ቦታ አስገብቼ ጎማውን ከመሬት ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። ያን ጊዜ የሞላው ጉልበት ክሪኩ ላይ ያርፍና ቦል ጆይንቱ ነፃ ይሆናል። ከዚያ ረጅም ብረት ከጎማው ሥር አስገብቼ ወደ ላይ ስገፋ ረዳቴ ጣቱን መጋጠሚያው ላይ አሳርፎ ይጠብቃል፤ ዓይን የሚያልፈውን ልቅነት ጣት ያገኘዋል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተጫወተ ቦል ጆይንት ወይም ኩሽኔታ ነው። ፍሬን አስረግጬ ስነቀንቀው ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታውን እጠረጥራለሁ። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ከተጫወተ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቴስቲናው ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼ ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ ብራቾ ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው የውስጥና የውጭ የብረት ቱቦ ሆኖ በመካከላቸው ጎማ የተጣበቀበት ዕቃ ነው። ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ ጎማው ይጠመዘዛል፣ ይመለሳል እንጂ አይሽከረከርም። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ በዚያች ቅጽበት ብራቾው ያለበት ቦታ ለጎማው የዕረፍት ቦታው ይሆናል። አሁን በየጋራዡ የሚሆነውን እንይ። መኪናው ተሰቅሏል፣ ጎማው ወልቋል፣ ብራቾው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። መካኒኩ በዚያው እንዳለ ብሎኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቀዋል። መኪናው ሲወርድ ብራቾው ወደ ላይ ይነሳና ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። ባለቤቱ ግቢው አስገብቶ ቢያቆመው እንኳ ሌሊቱን ሙሉ እንደተጠመዘዘ ያድራል። ጉድጓድ ሲመጣ ከዚያም በላይ ይጠመዘዛል፤ ወራት ሳይቆይ ጎማው ከቱቦው ይላቀቃል ወይም ይቀደዳል። እንዲህ ያለ ጎሚኒ ሲወጣ ጎማው ገና ለስላሳ ነው፤ በእርጅና አልደረቀም፣ አልተሰነጣጠቀም። የገደለው መንገዱ ሳይሆን ቁልፉ ነው።

መፍትሔው ምንም ወጪ የለውም። ብሎኖቹን ለጊዜው አስይዞ ጎማዎቹን መግጠም፣ መኪናውን ማውረድ፣ እግሩ ቦታውን እንዲይዝ ፊቱን ወደ ታች ደጋግሞ መጫን፣ ከዚያ ክብደቱ በጎማዎቹ ላይ እንዳለ በቶርክ ቁልፍ በፋብሪካው ልክ ማጥበቅ ነው። በቪጎ ደግሞ የታችኛው ብራቾ ብሎኖች የጎማው ማዕዘን የሚስተካከልባቸው ናቸው። እነሱን ፈትቶ ያለ አላይመንት መኪና ማስረከብ ሥራ ሳይጨርሱ ሒሳብ መቀበል ነው።

ዕቃውንም ቢሆን ፈትሾ መግዛት ይገባል። መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ተመሳሳይ ካርቶን የለበሰ፣ ዋጋው ግን የተራራቀ ቦል ጆይንት ሞልቷል። ካርቶኑን ትቼ ዕቃውን እይዛለሁ። አዲስ ቦል ጆይንት አንገቱ በእጅ ሲዞር ጠንከር ብሎ፣ ግን ሳይነጣጠቅ እኩል መሄድ አለበት። ዝም ብሎ የሚወድቅ ከሆነ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ልቅ ነው። የጎማ ሽፋኑም ዙሪያውን በቀለበት የታሰረ፣ ስንጥቅ የሌለው መሆን አለበት። የቦል ጆይንቱ ኳስ ገጽ ልስላሴ ምን ያህል እንደሚወስን ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2005 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ ቶዮታ በአሜሪካ ከ700 ሺህ በላይ ፒካፖችንና ተመሳሳይ መኪኖችን የጠራው በምርት ጊዜ የቦል ጆይንቱ ገጽ ተጭሮ ሊሆን ይችላል በሚል ነበር። ጭረት በፋብሪካ ካልመጣ በአቧራና በጭቃ ይመጣል፤ መግቢያውም የተቀደደ ሽፋን ነው። ስለዚህ ላቫጆ ላይ የግፊት ውኃውን ቀጥታ መጋጠሚያዎቹ ላይ አታስተኩሱ፤ ዘይት ሲቀየር ሽፋኖቹ እንዲታዩ አድርጉ። ሽፋኑ ተቀድዶ ውኃና አሸዋ አንዴ ከገባ ግሪስ መጨመር ቦል ጆይንቱን አያድነውም።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የታችኛው ቦል ጆይንት ከተነቀለ ጎማው ይታጠፋል፤ መሪ ያዢው የሚያደርገው ነገር አይኖረውም። ከኋላ የተሳፈሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀበቶ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የመኪና ባለቤቶች፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት መካኒካችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የቀድሞው ዕቃ ለምን ቶሎ አለቀ? የብራቾው ብሎኖች የጠበቁት መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ነው ወይስ ተሰቅሎ? አላይመንት ተሠርቷል? መልስ ካላገኛችሁ ሥራው አላለቀምና መኪናውን አትረከቡ።