የሚስቀው ዐፅምና የቁም ተዝካር

ከግንደ ወይን ከተማ ወጣ ብሎ፣ በብቸናና በሞጣ መካከል በተዘረጋው የእነሴ ምድር፣ በልጅነቴ የተገኘሁበት አንድ የቁም ተዝካር እስከ ዛሬ ከዓይነ ልቡናዬ አልጠፋም። ደጋሹ ልጅ ያልወለዱ፣ ወራሽም የሌላቸው አረጋዊ ነበሩ። ከሞቱ በኋላ የሚያስባቸው እንዳይጠፋ ሰግተው፣ እንደ አገሩ ልማድ በሕይወት ሳሉ ካህናቱን ጠርተው፣ ጠላውን አስጠምቀው፣ በሬውን አሳርደው ተዝካራቸውን አወጡ። በዳሱ ውስጥ ከፍ ካለ መደብ ላይ ተቀምጠው በላተኛውን ሲቃኙ ቆዩና፣ ሲሞቱ ማን እንደሚያለቅስላቸው ለማየት እንደማይታደሉ፣ ማን እንደሚበላላቸው ግን በዓይናቸው እንዳረጋገጡ ተናገሩ። ዳሱ በሳቅ ተሞላ። በጉሮሮው ላይ የነበረው ጉርሻ አልወርድ ያለው ሰውም አልታጣም።

ያ ሳቅ በሞት ላይ የተሳቀ ሳቅ አልነበረም። ሞትማ በዚያ ቀን የንግግር ፈቃድ ሰጪ ነበር። አረጋዊው ለአንድ ቀን ያህል ራሳቸውን ከሙታን ወገን ስለቆጠሩ፣ ሕያው ሰው ለጎረቤቱ ሊናገረው የማይደፍረውን ተናገሩ። ሹመት ሊነፍጋቸው፣ መሬት ሊወስድባቸው፣ ሊቀየማቸው የሚችል ሰው በዚያ ቀን አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ከመቃብር አፋፍ የሚነገር ስላቅና በኪነ ጥበብ ውስጥ ያለው ቦታ ነው።

ይህንኑ ሳቅ በወረቀት ላይ ታትሞ ያገኘሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እጅግ በራቀ አገር ሠዓሊ ሥራ ውስጥ ነው። አገሩ ሜክሲኮ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፣ ወረራውን በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ካወገዙትና ይዞታውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመው ለዚህ ውለታ ነው፤ በሜክሲኮ ከተማም የኢትዮጵያን ስም የያዘ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። በአደባባዩ በየዕለቱ እናልፋለን፤ የስሙን ባለቤት ሕዝብ ኪነ ጥበብ ግን ገና በቅጡ አልተዋወቅነውም።

ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ እ.ኤ.አ. በ1852 አጉዋስካሊየንቴስ በምትባል ከተማ ተወለደ። የሚሠራባት የሌዮን ከተማ በ1888 በጎርፍ ከተጥለቀለቀች በኋላ ወደ ሜክሲኮ ከተማ ተሻገረ። በዚያም አንቶኒዮ ቫኔጋስ አሮዮ በ1880 ባቋቋመው ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ለተራው ሕዝብ በርካሽ በሚሸጡ ነጠላ ወረቀቶች ላይ ሥዕል ሲቀርጽ ኖሮ በጥር ወር 1913 በድህነት ሞተ። ሥራዎቹን ከማተሚያ ቤት አቧራ አንሥቶ ለኪነ ጥበብ ዓለም ያስተዋወቃቸው፣ በ1920ዎቹ በሜክሲኮ ይኖር የነበረው ትውልደ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ሻርሎ ነው።

የፖሳዳ የእጅ ሥራ አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው። በመጀመሪያ ለፊደል ማቅለጫ በሚውል የእርሳስ ቅልቅል ላይ በመቅረጫ ይቀርጽ ነበር፤ በኋላም አሲድ በማይበግረው ቀለም በዚንክ ላይ እየሣለ ያልተቀባውን ክፍል በአሲድ ያስበላ ነበር። በሁለቱም መንገድ የሚወጣው ሥዕል ከብረት ፊደሉ እኩል ስለሚቆም፣ ከግጥሙ ጎን ተጠፍሮ በአንድ መኪና ባንድ ጊዜ ይታተማል። ስለዚህ ሥዕልና ግጥም ሳይነጣጠሉ በአንድ ወረቀት ላይ ገበያ ይወርዳሉ። ማንበብ የማይችለው ሥዕሉን ያያል፤ ማንበብ የሚችለው ጎረቤቱ ግጥሙን ጮክ ብሎ ይልለታል። በመካከላቸው ሳቅ ይወለዳል።

በየዓመቱ በኖቬምበር ወር መግቢያ፣ ሜክሲኮዎች ሙታናቸውን በሚያስቡበት በዓል፣ «ካላቬራ» የተባሉት ወረቀቶች ይወጡ ነበር። ቃሉ የራስ ቅል ማለት ነው፤ የግጥሙም ስም ይኸው ነው። ግጥሙ ገና በሕይወት ያለውን ሰው እንደ ሞተ ቆጥሮ የመቃብር ጽሑፍ ይጽፍለታል፤ ሥዕሉም ሥጋውን ገፎ በዐፅሙ ያቆመዋል። ባለሥልጣኑ፣ ነጋዴው፣ ጋዜጠኛው፣ ጫማ ሰፊው፣ ሰካራሙ ሁሉ ተራው ይደርሰዋል። ዐፅሞቹ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጣላሉ። ይህ ከግንደ ወይኑ የቁም ተዝካር በምን ይለያል? አንደኛው ደጋሹ ራሱ የሚያወጣው፣ ሁለተኛው ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ የሚያወጣለት ተዝካር ከመሆኑ በቀር፣ የሁለቱም ሥረ ነገር አንድ ነው።

ከእነዚህ ሥዕሎች ሁሉ ይበልጥ የታወቀችው ዛሬ «ላ ካትሪና» የምትባለው ናት። በመጀመሪያው ኅትመት ላይ ያለችው ግን የራስ ቅልና ትልቅ ባርኔጣ ብቻ ናት፤ ቀሚስም ሆነ አካል የላትም። ባርኔጣው በአበባና በላባ ተሸልሟል፤ ከሥሩ ያለው ግን ጥርሱን ያገጠጠ አጥንት ነው። የመጀመሪያ ስሟም «ጋርባንሴራ»፣ ማለትም ሽምብራ ሻጭ ነበር። ስሙ የሚነቅፈው የአገሬው ተወላጅ ሆነው ሳለ ትውልዳቸውን ደብቀው አውሮፓዊ ለመምሰል የሚጥሩትን ሴቶች ነው። እዚህ ላይ ሐያሲ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። ፖሳዳን የጭቁኖች ጠበቃ ብቻ አድርገው የሚያቀርቡት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ይህች ሥዕል የምትስቀው በባለጸጋዋ እመቤት ላይ ሳይሆን እመቤቲቱን ልምሰል ባለችው በገበያ ሴት ላይ ነው። ዲዬጎ ሪቬራ በ1947 በሣለው ታላቅ የግድግዳ ሥዕል ላይ ሙሉ አካልና ረዥም ቀሚስ ሰጥቷት፣ በአንድ በኩል ሕፃኑን ሪቬራን በሌላ በኩል ፖሳዳን አስይዞ በመካከል አቆማት። ከዚያ ወዲህ ሽምብራ ሻጯ ተረስታ እመቤቲቱ ቀረች። ሥዕሉ ክብር አገኘ፤ ስላቁ ግን ዒላማውን ለወጠ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛስ ዘንድ ከሕይወት ውጭ ቆሞ ሕይወትን የሚታዘብ ስላቅ የለምን? አለ፤ ያውም በጎጃም ልጆች ብዕር። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተሙት «አልወለድም» በተባለው ልብ ወለድ፣ በእናቱ ማሕፀን ያለ ፅንስ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልወጣም ሲል ይሟገታል። መጽሐፉ ታግዷል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ደግሞ፣ ከብቸና በማይርቀው በዲማ አገር የባላባቱን ሥርዓት ባዶነት የሚገልጠው ካሣ ዳምጤ ነው፤ እውነት በመናገሩም «ጉዱ ካሣ» ተብሎ ከእብድ ተቆጥሯል። ፖሳዳ ተናጋሪውን ከሞት ማዶ አቆመው፤ አቤ ከልደት ወዲህ አቆሙት፤ ሐዲስ ከአእምሮ አጥር ውጭ አቆሙት። ስፍራው ይለያይ እንጂ ዘዴው አንድ ነው። ማዕረግና ጥቅም የማይደርሱበት ስፍራ ያልቆመ ሰው ማዕረግንና ጥቅምን በትክክል አያይም።

የቃሉ ስላቅ ከመጻሕፍትም በፊት የነበረ ነው። የቅኔው ሰምና ወርቅ፣ የአልቃሽዋ ሙሾ፣ የእረኛው ግጥም ሁሉ ይህን ሥራ ሠርተዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም በጎጃም የተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ከበረታባቸው አውራጃዎች መካከል ሞጣና ብቸና ነበሩ። በኋላም በደርግ ዘመን፣ በምሥራቅ ጎጃም የየትኖራ ገበሬዎች ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የገጠሙትን ቃል ግጥም ጌቴ ገላዬ ሰብስበው አጥንተዋል። ገበሬው አገዛዙን በግጥም ሲመዝን ኖሯል። ነገር ግን ሚዛኑ በአፍ ቀረ። ቃሉ ከጎኑ የሚቆም ሥዕል፣ የሚያባዛውም ወረቀት አልነበረውም።

ሥዕሉስ? የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነበር። ሠዓሊዎቻችን ከመስቀሉ ግርጌ የአዳምን የራስ ቅል ይሥላሉ። ደጉን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን ይሥላሉ፤ ይህ ራሱ በመስመር የተነገረ ፍርድ ነው። የኋለኛው ዘመን ሠዓሊዎች ጌታን የሚይዙትን ወታደሮች ጠመንጃ እስከ ማስያዝ ደርሰው፣ የመጽሐፉን ታሪክ በራሳቸው ዘመን ልብስና መሣሪያ ሥለዋል። ስለዚህ ለስላቅ የሚያስፈልገው የሥዕል ቋንቋ በእጃችን ነበር። ይሁን እንጂ ግድግዳ አይዞርም፤ ገበያ አይወርድም። ግጥሙ ያለ ሥዕል በመንገድ ሲዞር፣ ሥዕሉ ያለ ግጥም በቅጽር ውስጥ ቆመ።

ሁለቱ የሚገናኙበት ዕድል አንድ ጊዜ ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን ያስተማረው ሃንሰን ባሂያ የተባለ ትውልደ ጀርመን ሠዓሊ ነበር። ስሙን የወሰደው ከብራዚል የባሂያ ግዛት ነው፤ በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ በእንጨት ቅርጽ የታጀቡ የግጥም መጻሕፍት በገበያ ገመድ ላይ ተሰቅለው ይሸጣሉ። እንደ ዘሪሁን የትምጌታ ያሉ ድንቅ ሠዓሊዎች ከእሱ ተማሩ። ሆኖም ኅትመቱ በመስተዋት ክፈፍ ገብቶ በኤግዚቢሽን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዘዴው መጣ፤ ገበያው አልመጣም። ለብዙዎች ሊዳረስ የተፈጠረው ጥበብ ለጥቂቶች ቤት ጌጥ ሆነ።

ዐፅምና ስላቅ በአገራችን በይፋ የተገናኙበትን አንድ ሌሊት ግን ታሪክ መዝግቧል። ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ ያዘጋጀውና በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የታየው ፊልም፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በረሃብተኞቹ ምስል መካከልም የቤተ መንግሥቱ ግብዣ ተሰካበት። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የምስሉ ኃይል አይካድም፤ የሚያጋልጠውም ግፍ እውነት ነበር። ግን የዚያን ምሽት አዘጋጅ ሥልጣን ሊይዝ የተዘጋጀ ኃይል እንጂ ከሕይወት ውጭ የቆመ ታዛቢ አልነበረም። ዐሥር ዓመት ቆይቶ በ1977 ዓ.ም. መስከረም፣ ያው ኃይል የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ሌላ ረሃብ አገሩን ይፈጅ ነበር። ያን ጊዜ ግብዣውንና ዐፅሙን ጎን ለጎን የሚያሳይ የአገር ውስጥ ወረቀት አልወጣም። የሌላውን ተዝካር ያወጣ መንግሥት የራሱን የቁም ተዝካር አይፈቅድምና።

ከዚህ በኋላ አንድ ድንበር መጥቀስ ግድ ይላል። በመስቀል አደባባይ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ውስጥ የራስ ቅሎችና አጥንቶች በመስተዋት ውስጥ ተደርድረዋል። እነዚያ አይስቁም፤ ማንም ሊያስቃቸው መብት የለውም። ሊስቅ የሚችለው የተሣለ ዐፅም ነው፤ እሱም የሕያው ሰው ዐፅም ሲሆን ብቻ። በግፍ የወደቀውን መሳቂያ ያደረገ ስላቅ ከገዳዩ ጋር ይቆማል። ስለዚህ የሜክሲኮን ቅል እንደ ወረደ ቀድቶ በፖስተርና በልብስ ላይ ማተም ለእኛ አይበጀንም። በሜክሲኮ ከተማ ራሱ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ታላቅ የሙታን ቀን ሰልፍ መነሻው ከዓመት በፊት የታየ የጄምስ ቦንድ ፊልም ነበር። ቅሉ ለቱሪስት ሲያምር የሚወቅሰው ሰው ይጠፋበታል።

ለእኛ የሚበጀን የፖሳዳ ዐፅም ሳይሆን የፖሳዳ ወረቀት ነው፦ ባለቅኔውና ሠዓሊው በአንድ ገጽ የሚገናኙበት፣ ዋጋው ለገበያተኛ የሚቀል፣ በአንድ ዓይን የሚሣለውን ሰው በስሙ ሳይሆን በሥራው የሚያስታውቅ ወረቀት። ቅኔው አለን፤ መስመሩም አለን። የቀረን ሁለቱን ባንድ ጠፍሮ የሚያትም ድፍረትና፣ በራሱ ላይ ሲሳቅ የሚታገሥ አንባቢ ነው። ሥራው ሲጀመርም የመጀመሪያው ዐፅም የጸሐፊውና የሠዓሊው የራሳቸው ቢሆን መልካም ነው። የግንደ ወይኑ አረጋዊ በበላተኛው ለመሳቅ መብት ያገኙት አስቀድመው የራሳቸውን ተዝካር በማውጣታቸው ነበር።