የመሐረቧ መንገድ፦ በ«ኦቴሎ» ውስጥ ያሉ የፍቅር ዓይነቶች

ስለ «ኦቴሎ» ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ከመጠን በላይ ስለ ወደዳት ገደላት» የሚል። ይህ አባባል በቴአትር አዳራሽ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ሚስቱን የሚያስጨንቅ ባል «ብወዳት ነው» ብሎ የሚከራከርበት፣ ጎረቤትም ሰምቶ የሚያልፈው ሰበብ ሆኗል። ስለዚህ ተውኔቱ በእውነት የሚለውን መመርመር የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ዊሊያም ሼክስፒር የደረሰው ይህ ትራጄዲ በመዝገብ የሚታወቀው የመጀመሪያ ትርኢቱ እ.ኤ.አ. በ1604 በለንደን ቤተ መንግሥት የቀረበው ነው። አማርኛ አንባቢ በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ተዋውቆታል። የዐረብኛ አንባቢ ደግሞ «ዑጠይል» በሚል ስም ያውቀዋል፤ ይህን ስም የሰጠው ኸሊል ሙጥራን ሲሆን፣ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ1912 ካይሮ ላይ ለመድረክ በቅቷል። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ለምንኖር ለገዳሪፍ አንባቢዎች ተውኔቱ በሁለት በር የሚገባ እንግዳ ነው።

ፍቅሮቹን ለይቶ ለማየት መሐረቧን መከተል ይበቃል። ኦቴሎ ለዴዝዴሞና የሰጣት የመጀመሪያ ስጦታ ናት። እሱ እንደሚተርከው አንዲት ግብፃዊት ለእናቱ ሰጥታት፣ እናቱም በሞተች ጊዜ ለእሱ አውርሳዋለች። በእሱ እጅ ሳለች የእናትና የልጅ ፍቅር ናት። ዴዝዴሞና ከእጇ አትለያትም፤ እየሳመች ታናግራታለች፤ እዚህ የሚስት ፍቅር ትሆናለች። ባሏን ራሱን ሲያመው ግንባሩን ልታስርለት ስትሞክር ትወድቃለች። ኤሚሊያ አንሥታ ለባሏ ለኢያጎ ትሰጠዋለች፤ ይህ ባልን ለማስደሰት ሲል የማይጠይቅ ፍቅር ነው። ኢያጎ በካሲዮ ክፍል ይጥላታል፤ ካሲዮም ጥልፏን እንድትቀዳለት ለቢያንካ ይሰጣታል። ቢያንካ ከልቧ የምትወደው ሰው እሷን መሳለቂያ ያደርጋታል። ከእነዚህ ሁሉ እጆች መካከል መሐረቧ ምንም ፍቅር ያልነበራት በኢያጎ እጅ ብቻ ነው፤ እዚያ ማስረጃ እንጂ ስጦታ አይደለችም። ኦቴሎ የጠፋውም የእናቱን ቅርስ በኢያጎ ዓይን ማየት የጀመረ ዕለት ነው።

ከመሐረቧ ውጭ የቀሩም አሉ። የዴዝዴሞና አባት ብራባንሲዮ ልጁን የሚወዳት እንደ ንብረቱ ነው፤ መኮብለሏን ሲሰማ ቃሉ «ሌባ» የሚል ነው። ሮድሪጎ ደግሞ ፍቅርን በጌጣጌጥ ሊገዛ ገንዘቡን ለኢያጎ ያፈስሳል።

ኦቴሎና ዴዝዴሞና የተዋደዱት ግን በተረት ነው ማለት ይቻላል። እሱ ያሳለፈውን መከራና ስደት ሲያወራ እሷ አዘነችለት፤ እሱም ስላዘነችለት ወደዳት። ለዚህ ስሜት አማርኛችን የታደለ ነው፤ «አንጀቷን በላው» እንላለን። ይህ አነጋገር ከርኅራኄና ከፍቅር መካከል በየትኛው እንደቆመ ለመለየት ያዳግታል፤ ኦቴሎም የቆመው እዚያው ላይ ነው። ተርጓሚን የሚፈትነው ሌላው ቃል ቅናት ነው። አማርኛው «ለአገሩ የሚቀና» ሲል ያመሰግናል፤ ዐረብኛውም «ገይራ» የሚለውን ቃል ለክፉ ቅናትም፣ ለክብር መቆርቆርም ይጠቀምበታል። ኦቴሎ የሚታለለው በዚሁ መንታ ትርጉም ነው፤ ሊገድል ሲገባ ራሱን እንደ ፍትሕ አስፈጻሚ እንጂ እንደ ተበዳይ ቀናተኛ አያይም።

ፍቅሩ ከመጠን አልፎ ከሆነ ግን ለምን አልጠየቃትም? እዚህ ላይ የተውኔቱን ሁለት ከተሞች ማነጻጸር ይጠቅማል። በቬኒስ አባቷ ሲከስስ ሸንጎው ዴዝዴሞናን አስጠርቶ ቃሏን ሰማ፤ ፍቅሩም ዳነ። ቆጵሮስ ግን የጦር ሰፈር የሆነች የድንበር ምድር ናት፤ ሸንጎ የለም፤ ከሳሽም ዳኛም ባል ራሱ ነው። ኦቴሎ ሚስቱን ሰድቧታል፤ ከማን ጋር እንደበደለችው ስትጠይቀው ግን ስም አይጠራላትም። የካሲዮን ስም ፊት ለፊት የሚነግራት ሊገድላት በቆመ ሌሊት ነው። ግራ ቀኝ ሳይሰማ ፈረደ። እንዲህ ያለው ፍርድ የፍቅር ብዛት ሳይሆን የፍቅር መጉደል ነው፤ ከሚስቱ ይልቅ ስሙን ወደደ።

ሱዳናዊው ጠይብ ሷሊሕ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» ልቦለዱ ይህን ጥያቄ ወደ ናይል ዳር አምጥቶታል። ሙስጠፋ ሰዒድ በለንደን ከኦቴሎ ጋር ራሱን እያነጻጸረ እንግሊዛዊት ሚስቱን ይገድላል። በመንደሩም ሑስና ያለፈቃዷ ትዳራለች፤ መጨረሻውም ደም ነው። ደራሲው ወንጀሉን በባዕድነት ብቻ እንዳናሳብብ ያስጠነቅቀናል፤ የሴት ቃል ባልተሰማበት ሁሉ፣ በውጭም ሆነ በአገር ቤት፣ ጥፋቱ ይደገማል።

በተውኔቱ መጨረሻ ከሁሉ ከፍ ብላ የምትታየው ኤሚሊያ ናት። መሐረቧን ሳትጠይቅ የሰጠችው ሴት፣ ባሏ ዝም እንድትል እያዘዛትና ሰይፍ እየመዘዘባት እውነቱን ትናገራለች፤ በእጁም ትሞታለች። ዴዝዴሞና እየሞተች ባሏን ከበደል ነጻ ለማድረግ ሞከረች፤ የኤሚሊያ ፍቅር ግን እመቤቷን ከሐሜት ነጻ አወጣ። ሁለቱም ይወዳሉ፤ እውነትን ያተረፈው ግን የኋለኛው ነው።

ከመተማና ከገላባት ወዲህና ወዲያ ትዳሩ በሁለት አገር የተከፈለበት ሰው ብዙ ነው። ስለ ሚስቱ ወሬ ከሩቅ ይደርሰዋል፤ የሚያመጣውም አብዛኛውን ጊዜ «ወዳጅ» ነው። ኢያጎም የገባው በወዳጅነት ስም ነበር። እንግዲህ «ኦቴሎ»ን ያነበበ ሰው ወሬውን ከማመኑ በፊት ባለቤቷን ራሷን ቢጠይቅና መልሷን ቢሰማ፣ ከተውኔቱ የሚገባውን ወስዷል ማለት ነው።