«ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብቻውን ትምህርት ይሆናል ወይ?

የደንበኛ አያያዝ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መሰጠት አለበት ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሳችን አጭር ነው፤ አለበት። በካኩማ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ቶሎ የሚያገኘው ሥራ ብዙ ጊዜ ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ ፀጉር ቤት ወይም በስልክ ገንዘብ መላኪያ ቦታ ነው። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት በካኩማ ከ2,100 በላይ የንግድ ቤቶች መኖራቸውንና የአካባቢው ኢኮኖሚ በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚገመት ገልጿል። እዚህ ገበያ ውስጥ ለሚገባ ተማሪ ሰው ማስተናገድን ማስተማር ቅንጦት አይደለም። ቅሬታችን ትምህርቱ በሚሰጥበት መንገድ ላይ ነው።

ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ ፈገግ በሉ፣ ሰላምታ ስጡ፣ አትከራከሩ፣ አመስግኑ የሚሉ ነጥቦች ይደረደራሉ። ከዚያ ሁለት ተማሪዎች ወጥተው አንዱ ሻጭ፣ አንዱ ገዢ ይሆናሉ። ክፍሉ ያጨበጭባል፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ።

በጎ ጎኑን አንክድም። በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ትወናው ላይ አፉን ሲፈታ ይታያል። ሰላምታና ፈገግታም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ትምህርቱ ፊቱን ይዞ ፍትፍቱን መርሳቱ ላይ ነው።

አንደኛ፣ የትወናው ገዢ ሁልጊዜ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ነው የሚመጣው። «ደንበኛ አይሳሳትም» የሚለው አነጋገር የተስፋፋው በትልልቅ የከተማ መደብሮች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ መደብሩን የከፈተው ሃሪ ሰልፍሪጅ ስሙ ከዚሁ ጋር ይነሳል። የዚያ መደብር ገዢ ቅር ካለው ጎረቤት ካለው ይገዛል፤ ንጉሥነቱም ከዚሁ ይመጣል። የእኛ ገዢ ግን በዱቤ ነው የሚኖረው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ባምባ ቻኩላ የተባለውን አሠራር ሲጀምር ለስደተኛው በስልክ በሚላክ ገንዘብ ከተመረጡ ነጋዴዎች ምግብ እንዲገዛ አድርጎ ነበር። ገንዘቡ ሳይደርስ ቀለብ ሲያልቅ ሰው ዱቤ ይወስዳል፤ አንዳንዱም ሲም ካርዱን ወይም የባንክ ካርዱን ለባለሱቁ መያዣ ይሰጣል። ካርዱ ባለሱቁ መሳቢያ ውስጥ ያለ ሰው ምን ዓይነት ንጉሥ ነው? ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ ከፈገግታ በፊት የሚያስፈልገው ትክክለኛ ሚዛንና ንጹሕ የዱቤ መዝገብ ነው።

ሁለተኛ፣ ንጉሥ የተባለ ሰው ቢባልግስ? ሻይ ቤት የምታስተናግድ ተማሪ እጇን የሚይዝ ገዢ ሲያጋጥማት «አትከራከሪ፣ ፈገግ በዪ» የሚለው ትምህርት ምን ይጠቅማታል? አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ሆክሽልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንታ ፈገግታም ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን አሳይታለች። ሥራ ከሆነ ደግሞ ወሰን አለው። ሴት ልጆቻችን ወሰኑን ሳይነገራቸው ፈገግታውን ብቻ ካስተማርናቸው፣ ዝም ማለትን እያስተማርናቸው ነው እኮ!

ሦስተኛ፣ ደንበኛ የሚባለው ማን ነው? በትወናው ላይ ደንበኛው ኮት የለበሰ ትልቅ ሰው ይሆንና «እርስዎ» ይባላል። ከሰልና ማገዶ ተሸክመው ወደ ካምፑ የሚመጡት የቱርካና እናቶች ግን በየቀኑ «አንቺ ነይ» ሲባሉ እንሰማለን። ከሰሉን የሸጡበትን ገንዘብ ይዘው ስኳርና ዱቄት የሚገዙትም እነሱ ናቸው። በሶማሊኛ፣ በአረብኛ፣ በስዋሂሊና በአማርኛ በሚገበያይ ካምፕ ውስጥ በሌላው ቋንቋ «እማማ» ማለትን ያልተማረ ተማሪ ሰው ማስተናገድን ተምሯል ለማለት ያስቸግራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትወናው ይቅር አንልም፤ ታሪኩ ይቀየር ነው የምንለው። አንድ ቀን ገዢዋ ዱቤ የምትጠይቅ እናት ትሁን፤ ሻጩ ሂሳቡን መዝገቡ ላይ ጽፎ ጮክ ብሎ ያንብብላት፤ ክፍሉም ድምሩን ያረጋግጥ። ለምሳሌ ሰኞ 150፣ ረቡዕ 80፣ ዓርብ 120 ሽልንግ ከወሰደች 350 ነው፤ መዝገቡ 400 ካለ ማን፣ እንዴት ብሎ ይናገራል? ሌላ ቀን የሚባልግ ገዢ ይምጣና ተማሪዋ ድምፅዋን ሳትጨምር «ይህን አንፈቅድም» ብላ አሠሪዋን መጥራት ትለማመድ። አሠሪውን የሚጫወተው ልጅም ከእሷ ጎን መቆምን ይማር። በሌላ ቀን ደግሞ ተማሪዎቹ ሁሉም ገዢ ይሁኑና ቅሬታ በትሕትና ማቅረብን ይለማመዱ። እኛ ካምፕ ውስጥ በሰልፍ ቆሞ መቀበል እንጂ «ይህ ልክ አይደለም» ብሎ መጠየቅ ብዙ አልለመድንምና።

ውድ መምህራን፣ ይህ ሁሉ ተጨማሪ መጽሐፍም ሆነ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውም መፈክር ቢቀየር አይከፋም። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ከሚለው ይልቅ «ደንበኛም ሰው፣ ሻጭም ሰው» ብንል ለተማሪዎቻችን የበለጠ ይጠቅማቸዋል እንላለን።