የጎልማሶች የኮምፒውተር ትምህርት ከየት ይጀመር?

በዚህ ዕትም የምንተቸው መጽሐፍ ወይም ድራማ አይደለም። የምንተቸው ኮርስ ነው። በካኩማም ሆነ በሌላ ካምፕ የማኅበረሰብ ኮምፒውተር ክፍል ደጅ የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ የኮምፒውተር ታሪክና ክፍሎች፣ ከዚያ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ወርድ፣ ከዚያ ኤክሴል፣ ጊዜና መብራት ከተረፈ ፓወርፖይንት። በመጨረሻ ፈተና፣ ከፈተናው በኋላ ሰርተፊኬት። ለወጣቶቹ ብዙ ጠቅሟል፤ ይህን አንክድም። ጥያቄያችን ያው ኮርስ ሳይለወጥ ለእናቶችና ለአባቶች ሲሰጥ ምን ይሆናል የሚል ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓ ውስጥ «የኮምፒውተር መንጃ ፈቃድ» የሚባል ፈተና ተዘጋጀ። ከአውሮፓ ውጭ አይሲዲኤል በሚል ስም ተሰራጨ። የመጀመሪያው መርሐ ግብር ሰባት ክፍሎች ነበሩት፦ ስለ ቴክኖሎጂ ጠቅላላ ዕውቀት፣ ኮምፒውተሩን መጠቀምና ፋይል መያዝ፣ ጽሑፍ፣ የሠንጠረዥ ሥራ፣ ዳታቤዝ፣ ፕረዘንቴሽን፣ በመጨረሻም ኢንተርኔትና ኢሜይል። የእኛን ክፍሎች ሰሌዳ ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ ወንድምና እህት ናቸው። ፈተናው የተሰናዳው ቢሮ ለሚሠራ፣ ማንበብና መጻፍ ለማያስቸግረው፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር ለሚጠብቀው ሰው ነው። ለዚያ ሰው ጥሩ ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ውሃና ማገዶ ላይ ለዋለች እናት ያው ቅደም ተከተል ለምን ይሰጣል?

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንመልከት። መምህሩ «ሲፒዩ የኮምፒውተር አንጎል ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪዎቹ ደብተር ላይ ይገለብጣሉ። ኢንፑት ዲቫይስ፣ አውትፑት ዲቫይስ፣ ራም፣ ሮም። ማሽኖቹ ከኋላ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። (ክፍሉን ሰዎች «ላብ» ነው የሚሉት፤ የካኩማን ሙቀት ለሚያውቅ ስሙ አልተሳሳተም።) ጎልማሳው ግን የመጣው ራምና ሮምን ሊለይ አይደለም። ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ማስገባት ይፈልጋል፤ ወይም የሱቁን ዱቤ መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ወይም ልጁ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ወረቀት ምን እንደሚል ማወቅ ይፈልጋል። ጥያቄውን የሚጠይቀው የለም። ሁለት ሳምንት ገልብጦ ሦስተኛው ላይ ይቀራል። እኛም «ጎልማሶች ይሰለቻሉ» ብለን እንመዘግባለን!

ነገሩ የመሰልቸት ብቻ ቢሆን ባልጻፍንበት። ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ የተጀመረው በ2007 ነው። በ2015 ደግሞ በካኩማ የሬሽኑ አንድ ክፍል ባምባ ቻኩላ በተባለው አሠራር በስልክ በሚላክ ገንዘብ ተተካ። በዚያ ዘመን አራድኛ «ምግብህን ያዝ» እንደማለት ነው። ቤተሰቡ መልእክት ይደርሰው፣ ሲም ካርዱን ይዞ ውል ወዳለው ነጋዴ ይሄድ፣ የምስጢር ቁጥሩን ያስገባ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ምን ያደርግ ነበር? ስልኩንም ቁጥሩንም ለነጋዴው ይሰጥ ነበር፤ ወይም ለጎረቤት ልጅ። ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደቀረ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ቁጥር መጫንን፣ መልእክት ከፍቶ ሒሳብ ማንበብን፣ የምስጢር ቁጥር ለምን ምስጢር እንደሆነ የማያስተምር የኮምፒውተር ኮርስ ለጎልማሳ ምኑ ነው መሠረታዊ? ክፍሉ ውስጥ ኪቦርድ አለ፣ ትልቅ ስክሪን አለ። መምህሩ የስልክ መልእክት የመሰለ ጽሑፍ በትልቁ አሳይቶ «ስንት ገባ? ስንት ቀረ?» ብሎ ቢጠይቅ የአንድ ሙሉ ሰዓት ትምህርት ይወጣዋል። ለዚህ ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

ኤክሴልም እንዲሁ ነው። ምሳሌው ሁልጊዜ የተማሪዎች ውጤት ነው፦ ሒሳብ 60፣ እንግሊዝኛ 75፣ ድምርና አማካይ። ክፍሉ ውስጥ ግን ባለሱቅ ተቀምጧል፤ ዕቁብ የምትሰበስብ ሴት ተቀምጣለች። ዕቁቧን በስም፣ በሳምንትና በብር መጠን ደብተር ላይ ይዛለች። ያ ደብተር ራሱ ኤክሴል ነው፤ ረድፍና ዓምድ አለው፣ ድምር አለው፣ ማን ከፈለ ማን ቀረ የሚል አለው። የደብተሩን አንድ ገጽ ወደ ስክሪኑ ብታዛውርና ድምሩ ራሱ ተሠርቶ ብታይ፣ ለምን እንደምትማር ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚከነክነን እሱ ነው። አማርኛ አንባቢ የሆኑ አባት ክፍል ሲገቡ መሃይም ይሆናሉ። ስክሪኑ እንግሊዝኛ፣ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ፣ የታይፕ ልምምዱም ትርጉም በሌላቸው ፊደሎች ጣት ማፍታታት። «አማርኛ አይጻፍበትም ወይ?» ብለው ሲጠይቁ «ኮምፒውተሩ አማርኛ አያውቅም» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል። ይህ መልስ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የየራሱ ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የጠንቋይ ክታብ ይመስል ነበር። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። በዕርዳታ የመጡ አሮጌ ማሽኖች ላይ እንኳ ፎንቱንና የመጻፊያውን ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ መጫን ይቻላል።

ሌላም ጥቅም አለው። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች «ኤስ»ን ሲነኩ «ስ» ይወጣል፤ «ኢ» ሲጨምሩበት «ሰ» ይሆናል። «ኤል» እና «ኤ» «ላ» ይሰጣሉ። «ኤም» ሲጨመር «ሰላም» ተጻፈ፤ አምስት ጊዜ መንካት ብቻ። ፊደል የሚያውቁት አባት በሚያውቁት በኩል የማያውቁትን የእንግሊዝኛ ፊደል ለመዱ ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ መምህሩም ግማሽ ሥራ ተሠራለት።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 አንዢኮስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን ሲያስተምር ከሆሄ ሳይሆን ከኑሯቸው ከወጡ ቃላት ነበር የጀመረው። በአስተምህሮው ከታወቁት ቃላት አንዱ «ጡብ» ነው፤ ጡብ የሚሸከሙ ሰዎች ስለነበሩ። የእኛ ጡብ ምን ይሆን? ውሃ፣ ሬሽን፣ ካርድ፣ ቀጠሮ? በእኛም አገር በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። በዘመቻው ላይ ብዙ የሚባል አለ፤ መንግሥቱም ምን ዓይነት እንደነበረ ከመካከላችን ያላየ የለም። ሰውን በቋንቋው ማስተማሩ ግን ትክክል ነበር። ድካሙ የታየው በኋላ ነው፤ የሚነበብ ነገር በማጣት የተማረው ፊደሉን መልሶ ረሳ። ኮምፒውተርና ፕሪንተር ያለው ክፍል ይህን ጉድለት መሙላት ይችላል፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው የጻፉትን ገጽ አትሞ ለሚቀጥለው ክፍል ንባብ ማድረግ ነው።

«ማሽኑን ብቻ ስጧቸው፣ ራሳቸው ይማራሉ» የሚሉም አሉ። በ1999 ሱጋታ ሚትራ የተባሉ ሕንዳዊ ኒው ዴልሂ ውስጥ ግድግዳ ላይ ኮምፒውተር ተክለው የሠፈር ልጆች ያለ መምህር ሲነካኩ አሳይተዋል። ልጆች ናቸው ግን። ልጅ ቢያበላሽ አይሸማቀቅም። ጎልማሳ «ባበላሸው ማን ይከፍላል?» ብሎ ይፈራል፤ የልጁ እኩያ እንዳይስቅበትም ይፈራል። እዚህ ላይ ለወጣት መምህራን አንድ ነገር እንበል። «ጋሼ፣ እዚህ ይጫኑ» ማለት ጥሩ ነው። እሳቸው ገና ሲያስቡ ማውሱን ከእጃቸው መንጠቅ ግን ከስድብ አይተናነስም። እጃችሁን ኋላ አድርጋችሁ በአፍ ብቻ አስተምሩ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ሰዓቱም ያልቃል፣ ግን የተማሩት እሳቸው ይሆናሉ።

ሰዓቱስ? ጄኔሬተሩ የሚነሳበት፣ ወይም ሶላሩ ጥሩ የሚሰጥበት ሰዓት ለወጣቶች ተይዞ የተረፈው ለጎልማሶች ይሰጣል። የሬሽን ቀን ፈተና ሲያዝም አይተናል። ሴቶቹ ለምን ቀሩ ብሎ ስብሰባ ከመጥራት በፊት ሰሌዳውን ማየት ይቀድማል።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚመጡ እናውቃለን። አንደኛው፣ ክፍሉ የሱማሌውም፣ የደቡብ ሱዳኑም፣ የኮንጎውም ስለሆነ የጋራው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ አማርኛ ብቻ ይሁን አላልንም። በሳምንት አንድ ሰዓት እያንዳንዱ የቋንቋ ቡድን ከመካከሉ ጎበዝ ተማሪ መርጦ በራሱ ቋንቋ ቢሠራ ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ጎልማሶቹ ራሳቸው ሰርተፊኬት ይፈልጋሉ። አዎ፣ ይፈልጋሉ፤ እኛም አንንቀውም። ስደተኛ ቤቱን ትቶ ይሄዳል፣ ወረቀቱን ግን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሰርተፊኬቱ ይቅር አንልም፤ ፈተናው ይለወጥ። «የኮምፒውተርን አራት ክፍሎች ጥቀስ» በሚለው ፋንታ ተፈታኙ በመረጠው ቋንቋ የጻፈውን አንድ ማመልከቻ አትሞ ያስረክብ፣ የአንድ ወር ሒሳብ ደምሮ ያሳይ፣ የስልክ መልእክት ከፍቶ ስንት እንደገባለት ይናገር። ፈራሚው ያው ፈራሚ፣ ማኅተሙም ያው ማኅተም ይሁን።