ንባቡና ትርጓሜው፦ ስለ ፍራንክና ሄርትዝ ሙከራ አተራረክ

በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት ዘንድ የተለመደ አንድ ትረካ አለ። ኒልስ ቦር በ1913 (እ.ኤ.አ.) በአቶም ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በተወሰኑ የኢነርጂ ደረጃዎች ብቻ እንደሚገኙ አስቀመጠ፤ በዓመቱ ጄምስ ፍራንክና ጉስታቭ ሄርትዝ በርሊን ላይ በሙከራ አረጋገጡለት ይባላል። ትረካው ለማስተማር ይመቻል። በእኛ አስተያየት ግን ታሪኩንም ሆነ የሳይንስን አሠራር ያዛባል።

ሙከራው ራሱ የሚደነቅ ነው። የሜርኩሪ ትነት በያዘ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከጋለ ሽቦ የሚወጡ ኤሌክትሮኖች በቮልቴጅ ተፋጥነው፣ የሽቦ ወንፊት አልፈው፣ ወደ ሰብሳቢ ሰሌዳ ይሄዳሉ። በወንፊቱና በሰሌዳው መካከል ያለው መጠነኛ ተቃራኒ ቮልቴጅ ኢነርጂያቸው የተሟጠጠውን ይመልሳል። ቮልቴጁ ከፍ ባለ ቁጥር የኤሌክትሪኩ ፍሰት ያድጋል፤ 4.9 ቮልት ገደማ ሲደርስ ግን በድንገት ያሽቆለቁላል። እንደገና አድጎ በ9.8፣ ከዚያም በ14.7 ቮልት አካባቢ እንዲሁ ይወድቃል። ኢነርጂው ከ4.9 ኤሌክትሮን ቮልት ያነሰ ኤሌክትሮን እጅግ ከሚከብደው አቶም ጋር ተጋጭቶ ምንም ያህል ሳያጣ ይነጥራል፤ እዚያ ሲደርስ ግን ያለውን ለአቶሙ ያስረክባል። ሁለቱ ሊቃውንት በዚያው በ1914 ከትነቱ 253.6 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ብርሃን እንደሚወጣ አሳዩ፤ ይህም በፕላንክ ቀመር ሲሰላ ያንኑ 4.9 ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ፍራንክና ሄርትዝ የቦርን ሐሳብ ለመፈተን አልተነሡም። 4.9 ቮልትን የተረዱትም ኤሌክትሮንን ከአቶሙ ነቅሎ የሚያወጣ፣ ማለትም አቶሙን አዮን የሚያደርግ መጠን ነው ብለው ነበር። መጠኑ አቶሙን ወደ ከፍተኛ ደረጃ የሚያነሣ እንጂ አዮን የሚያደርግ እንዳልሆነ በ1915 የተከራከረው ራሱ ቦር ነው። የአዮን ምልክት መስሎ የታየው ፍሰት፣ ብርሃኑ ከቱቦው ብረት የፈነቀላቸው ኤሌክትሮኖች ሊሆን ይችላል አለ። በ1917 ዴቪስና ጋውቸር አሜሪካ ውስጥ ሁለቱን ለይተው የቦርን ክርክር አጸኑ፤ ሜርኩሪን አዮን ለማድረግ የሚያስፈልገው 10.4 ቮልት ገደማ ነው። የ1925 የኖቤል ሽልማትም ለሁለቱ የተሰጠው ኤሌክትሮን ከአቶም ጋር ሲጋጭ የሚገዛውን ሕግ ስላገኙ ነው።

በቤተ ክህነት ትምህርታችን ንባብ ያወቀ ሁሉ ትርጓሜ ያውቃል አይባልም። የእነ ፍራንክ ንባብ እንደ ጸና ይኖራል፤ የታረመው ትርጓሜው ነው። መጻሕፍቱ ሁለቱን ሲያዋሕዱ፣ የሙከራ ፋይዳ አስቀድሞ የታወቀን መልስ ማግኘት ብቻ ለተማሪው ይመስለዋል። ያልተጠበቀ ቁጥር ባገኘ ዕለትም መርምሮ እንደመጠየቅ ቁጥሩን ይሰርዛል። የክፍለ ጊዜ ማጠር ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን እርማቱ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። መምህሩ የ1914ቱን ኩርባ ሲያሳይ የቦርን ስም ለጊዜው አቆይቶ «ይህ ምን ማለት ሊሆን ይችላል?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል።